ያልተከፈቱት ድርጅቶች፦ ንግድ መጀመር ሲከብድ አካባቢው ለምን ይቀጭጫል?

በ1983 ፔሩ ውስጥ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በየቦታው እንዳልደጋግመው ብዬ ነው።) ሄርናንዶ ዴ ሶቶ የሚባል ኢኮኖሚስት የሚመራው ቡድን በዋና ከተማዋ በሊማ ዳርቻ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ድርጅት በሕጋዊ መንገድ ለማስመዝገብ ተነሳ። ዓላማው ልብስ መስፋት አልነበረም። ባለሥልጣን ዘመድ የሌለው ተራ ሰው ሕጉን ተከትሎ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ለመቁጠር ነበር። በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሱ፣ ፎርም እየሞሉ፣ ወረፋ እየጠበቁ 289 ቀን ፈጀባቸው። ወጪው ደግሞ ከዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ30 እጥፍ በላይ ሆነ። ድርጅቷ እኮ አንድ ሠራተኛ ብቻ እንድትይዝ የታሰበች ነበረች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቢሮክራሲን ለመርገም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸው መጠበቅ ስለነበር 289 ቀን ጠበቁ። ሥራው መጠበቅ ያልሆነውስ ሰው? በአሥረኛው ቀን ትቶት ይሄዳል። ወይም ከነጭራሹ አይጀምረውም። የትኛውም መዝገብ ላይ ደግሞ «ሊከፍት አስቦ የተወ» የሚል ዓምድ የለም።

## «እንቅፋት» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንቅፋት የምለው አዲስ ገቢው የሚከፍለውን፣ ቀድሞ የገባው ግን ዛሬ የማይከፍለውን ነገር ሁሉ ነው። ክፍያው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ጊዜም ሊሆን ይችላል። መጉላላትም እንዲሁ።

ብዙ ቁልፍ ያለው በር አድርጋችሁ አስቡት። አንደኛው ቁልፍ ወረቀት ነው፤ ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ ማህተም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ መነሻ ካፒታል፣ ብድር፣ ባንክ የሚጠይቀው ማስያዣ። ሌላው ቦታ ነው፤ የት መክፈት ይቻላል፣ ማንስ ነው የሚፈቅደው? የሙያ ፈቃድም አለ። ብዙ ሰው ትዝ የማይለው ደግሞ የሥራ ውል ነው፤ ከቀጣሪው ወጥቶ በዚያው ሙያ የራሱን እንዳይከፍት ሰውየውን የሚያስር ውል ማለቴ ነው። መጨረሻ ላይ መውጫው አለ። የከሰረ ንግድ መዝጋት ዓመታት የሚፈጅና ዕድሜ ልክ የሚከተል ዕዳ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሰው ሲጀመርም አይገባበትም።

አምስቱን ቁልፍ ከፍታችሁ አንዱ ከቀረ በሩ አይከፈትም። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁሉም ቁልፍ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መድኃኒት የሚያመርት ድርጅት ሳይፈተሽ ይከፈት የሚል ሰው አላውቅም። ጥያቄው ደንቡ የሚጠብቀው ገዢውን ነው ወይስ ቀድሞ የገባውን ሻጭ ነው የሚለው ነው። በ2002 ሲሜዮን ጃንኮቭና ሦስት ባልደረቦቹ በ85 አገሮች ድርጅት ለማቋቋም የሚጠየቀውን አንድ በአንድ ቆጥረው አወጡ። ካናዳ ውስጥ 2 እርምጃ ብቻ ነበር፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ 21። አውስትራሊያና ካናዳ 2 የሥራ ቀን ሲፈጅ ማዳጋስካር 152 ይፈጅ ነበር። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ እርምጃ የሚያበዙት አገሮች ቢያንስ የተሻለ ዕቃና አገልግሎት አላቸው ወይ? የላቸውም። ያላቸው የባሰ ሙስናና ከመዝገብ ውጭ የሚሠራ ሰፊ ንግድ ነው። በእርግጥ አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት አይደለም። ግን ማህተም በበዛ ቁጥር ማህተሙን ይዞ እጁን የሚዘረጋውም ይበዛል፤ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም።

## የተወሰነ ጊዜ መጠበቅ ዕድገትን እንዴት ይጎዳል?

አንድ አካባቢ አደገ የምንለው እዚያ ያለ ሰው በአማካይ የሚያመርተው ከዓመት ዓመት ሲጨምር ነው። የሚጨምረውም ያሉት ድርጅቶች ሲሻሻሉ ወይም ደካሞቹ ለቀው በተሻሉ ሲተኩ ነው። መግቢያው ሲጠብ ሁለቱም መንገዶች ይታመማሉ። ተቀያሪ የሌለው የእግር ኳስ ቡድን አስቡ። ሜዳ ላይ ያሉት ቢደክሙም፣ ቢያነክሱም፣ ማንም እንደማይቀይራቸው ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ይሮጣሉ?

ሌላም ነገር አለ። ጠባብ በር ሰው ሲመርጥ ጎበዙን አይመርጥም፤ መጠበቅ የሚችለውን ነው የሚመርጠው። ቤት ተከራይቶ፣ ከሥራው ለቆ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ኪራይ እየከፈለ ወራት መቀመጥ የሚችለው ቀድሞውኑ ገንዘብ ያለው ነው። በ2006 ራጉራም ራጃንና ሁለት ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት አንድ የገረመኝ ንጽጽር አለ። ጣሊያን ውስጥ አዲስ የተከፈተ ድርጅት እንግሊዝ ውስጥ ከተከፈተው ይተልቃል። ደስ ይላል አይደል? ቆዩ። አሥር ዓመት ሲሞላቸው ግን የእንግሊዙ የጣሊያኑን እጥፍ ያህል ይሆናል። በጊዜው ጣሊያን ውስጥ ድርጅት መክፈት ከባድ ስለነበር ከበሩ የሚያልፈው አስቀድሞ የደለበው ነው። በትንሹ ጀምሮ፣ ተሳስቶ፣ ከስህተቱ ተምሮ የሚያድገው ውጭ ቀርቷል።

ሥራ ፈጠራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሥራ የሚፈጥሩት ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። ጆን ሃልቲዋንገርና ባልደረቦቹ የአሜሪካን መረጃ ሲበረብሩ ግን ቁም ነገሩ ትንሽነት ሳይሆን ዕድሜ ሆኖ ተገኘ። አዲስ የተከፈቱት ናቸው በብዛት የሚቀጥሩት፤ ብዙዎቹ ቶሎ ይሞታሉ፣ የተረፉት ደግሞ በፍጥነት ያድጋሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ትንሽ ሆኖ የኖረ ድርጅት ነገም ትንሽ ሆኖ መቆየቱ አይቀርም።

## ሕጉ ለአገሩ ሁሉ አንድ ከሆነ፣ አንዱ አካባቢ አድጎ ሌላው ለምን ይቀራል?

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የንግድ ሕግ በዋና ከተማ ስለሚጻፍ እንቅፋቱም በአገር ደረጃ አንድ ወጥ ይመስለናል። ግን ከቁልፎቹ አብዛኞቹ ያሉት ሰፈር ውስጥ ነው።

ሕንድን ውሰዱ። ከ1951 በኋላ ፋብሪካ ለመክፈት፣ ምርት ለመጨመር፣ አዲስ ዓይነት ዕቃ ለመጀመር ሁሉ የማዕከላዊ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1985 ላላ፣ በ1991 ደግሞ በአብዛኛው ተነሳ። ለሁሉም ክፍለ ግዛት በአንድ ቀን ማለት ነው። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። ፊሊፕ አጊዮንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የሥራ ሕጋቸው ለአሠሪው ቀለል ባለባቸው ክፍለ ግዛቶች ከፈቃድ ነጻ የወጡት ኢንዱስትሪዎች ምርታቸው ከሌሎቹ በልጦ አደገ። የክፍለ ግዛቶቹን ሕግ «ለአሠሪ የሚመች፣ ለሠራተኛ የሚመች» ብሎ መመደቡ ራሱ ብዙ ያከራክራል። ዋናው ነጥብ ግን አይጠፋም፤ አንዱ ቁልፍ ለሁሉም ተከፈተ፣ ሌላው ቁልፍ ግን እንደየቦታው ነበር።

ባንክም እንደዚያው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ባንኮች እንደፈለጉ ቅርንጫፍ እንዳይከፍቱ ይከለክሉ ነበር። በዚህ የተነሳ በየከተማው ያለው ባንክ ተፎካካሪ የማያሰጋው፣ የፈለገውን ሰው መርጦ የሚያበድር ጌታ ነበር። ከዚያ እስከ 1994 ድረስ ክፍለ ግዛቶቹ በተለያየ ዓመት ክልከላውን አነሱ። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ስለከፈተ ማወዳደር ይቻላል። ክልከላውን ባነሱት ክፍለ ግዛቶች የነፍስ ወከፍ ዕድገት በዓመት ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ነጥብ ያህል ከፍ አለ፣ አዲስ የሚመዘገቡ ድርጅቶችም በዙ። ልብ በሉ፣ ባንኮቹ የሚያበድሩት ገንዘብ ያን ያህል ስለጨመረ አይደለም። ለማን እንደሚያበድሩ መምረጥ ስለቻሉበት ነው።

የፈረንሳዩ ደግሞ ከሁሉም ያስቃል፣ ማሳቁ ካልቀረ። በ1973 የወጣ ሕግ ትልልቅ መደብሮች ትንንሾቹን ባለሱቆች እንዳይውጧቸው በየአካባቢው ኮሚሽን አቋቋመ። የተወሰነ ስፋት ያለው መደብር ለመክፈት የዚህን ኮሚሽን ይሁንታ ማግኘት ግድ ነበር። ኮሚሽኑ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ደግሞ የአካባቢው ነጋዴዎች ነበሩ። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ሊፎካከርህ የመጣውን ሰው ይግባ አይግባ ብለህ አንተ ድምፅ ትሰጣለህ! ማሪያን በርትራንድና ፍራንሲስ ክራማርዝ ሲያጠኑት፣ ጥብቅ ኮሚሽን ባለባቸው አካባቢዎች በችርቻሮ ንግድ የሥራ ዕድል የሚያድገው በዝግታ ነበር። ሕጉ ባይኖር ዘርፉ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጥር እንደነበር ገመቱ። ገበያውም ትንንሾቹ እጅ አልቆየም፤ ቀድመው የገቡት ትልልቅ መደብሮች እጅ ተጠቃለለ።

የሥራ ውሉን ነገር ሳልረሳ። በካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ «ከእኔ ከወጣህ ለተፎካካሪ አትሠራም፣ የራስህንም አትከፍትም» የሚል ውል በፍርድ ቤት አይጸናም። በ1957 እዚያው፣ ዛሬ ሲሊኮን ቫሊ በሚባለው አካባቢ፣ ስምንት ባለሙያዎች ከሾክሊ ቤተ ሙከራ ተያይዘው ወጡና የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አምራቹን ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ። ከፌርቻይልድ ደግሞ ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ወጥተው በ1968 ኢንቴልን፣ ሌሎች ወጥተው በ1969 ኤኤምዲን አቋቋሙ። በአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በቦስተን ዙሪያ ያለው ሩት 128 የሚባለው አውራ ጎዳና አካባቢ በጊዜው የኮምፒውተር ኢንዱስትሪ መናኸሪያ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ገንዘቡም ሞልቶታል። ማሳቹሴትስ ግን እንዲህ ያለውን ውል ታጸና ነበር። ዛሬ የትኛው አካባቢ እንደገነነ ሁላችንም እናውቃለን። ውሉ ብቻውን ይህን አደረገ ማለት ማጋነን ነው፤ የአየር ንብረቱም የአሠራር ባህሉም ይነሳል። ቢሆንም ሚሺጋን ሳታስበው የሞከረችው ነገር ፍንጭ ይሰጣል። በ1985 ሌላ ሕግ ስታሻሽል ይህን ውል የሚከለክለውን ድንጋጌ አብራ ሻረችው፣ በስህተት ነው የሚባለው። ከዚያ ወዲህ የፈጠራ ባለሙያዎች ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት መዘዋወራቸው ቀነሰ።

ወረቀት ላይ ጭራሽ የማይታይ እንቅፋትም አለ። ቤንጃሚን ቺኒትዝ በ1961 ኒው ዮርክንና ፒትስበርግን አወዳደረ። ኒው ዮርክ በብዙ ትንንሽ የልብስ አምራቾች የቆመች ከተማ ነበረች፤ ፒትስበርግ ደግሞ በጥቂት ግዙፍ የብረት ፋብሪካዎች። ግዙፍ ፋብሪካ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ውስጥ ይሠራል፣ ባንኩም ለእሱ ማበደር ለምዷል፣ ልጆችም የሚያድጉት ደመወዝተኛ ለመሆን ነው። አዲስ ጀማሪ ትራንስፖርት የሚያደርግለት፣ ሒሳብ የሚሠራለት፣ ትንሽ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው አያገኝም። ማንም አልከለከለውም፤ ብቻ ሁሉንም ከዜሮ ራሱ መሥራት አለበት።

## ታዲያ ወረቀቱን ብናቀልለውስ?

ይረዳል። ግን የሚጠበቀውን ያህል አይደለም፣ የሚጠበቀውንም ሰው አይደለም።

ሜክሲኮ በ2002 ፈጣን የአንድ መስኮት ምዝገባ ጀመረች። ምዝገባውን የማዘጋጃ ቤቶች ትብብር ስለሚያስፈልገው አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ነው የገባበት። ሚርያም ብሩን ባጠናችው መሠረት በገቡበት ቦታዎች የተመዘገቡ ንግዶች በ5 በመቶ ገደማ፣ ተቀጣሪዎች በ2 በመቶ ገደማ ጨመሩ። አዳዲሶቹ ባለንግዶች ግን ያለ ፈቃድ ይሠሩ የነበሩት አልነበሩም። ቀድሞ ተቀጣሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፖርቱጋል በ2005 ከዚያም አለፈች፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ስም መርጠህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድርጅት ታቋቁማለህ። አዲስ ድርጅት በ17 በመቶ ያህል ጨመረ፣ ሥራም ተፈጠረ። አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ነበሩ፣ በግብርና፣ በግንባታና በችርቻሮ የተሰማሩ፣ ሁለት ዓመት የመቆየት ዕድላቸውም ከሌሎቹ ያነሰ። ወረቀት ብቻ ያስቀራቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ ማለት ነው። ትልልቅ ሐሳብ የያዙትን ያስቀረው ሌላ ቁልፍ ነው።

ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ያልተመዘገቡ ነጋዴዎችን «እንዴት እንደምትመዘገቡ እናሳያችሁ፣ ወጪውንም እንሸፍን» አሏቸው። አልተንቀሳቀሱም። የአንድ ወር ትርፍ የሚጠጋ ገንዘብ ሲጨመርላቸው ከአምስቱ አንዱ ያህል ተመዘገበ። የሁለት ወር ትርፍ ሲሆን ግማሹ። አንዳንዶቹ የያዙትን ቦታ በሕግ ማስረዳት ስለማይችሉ ቢፈልጉም አይሆንላቸውም ነበር። ለብዙዎቹ ግን መመዝገብ ራሱ የሚያመጣላቸው ነገር አልታያቸውም፣ እውነትም ትልቅ ነገር አላመጣላቸውም።

## በሩ ሲከፈት ማን ይከፋዋል?

በሜክሲኮ ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፋት ቁጥር አለች። አዳዲሶቹ ሲገቡ የነባሮቹ ባለንግዶች ገቢ በ3 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ነባሮቹ በስም ይታወቃሉ፣ ማኅበር አላቸው፣ ከንቲባውን ያውቁታል። ሊገቡ የሚችሉት ግን ራሳቸውንም ገና አያውቁም። ስለዚህ እንቅፋት ሲጨመር የሚጮህ የለም፣ ሲነሳ ግን ጩኸቱ ይቀልጣል።

የሙያ ፈቃድ የሚበዛውም በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሠራተኛው ከ5 በመቶ በታች ነበር። ዛሬ ከአምስት ሰዎች ከአንዱ በላይ ሆኗል። የዩታ ክፍለ ግዛት ሹሩባ ሠርቶ ገንዘብ ለመቀበል እስከ 2,000 ሰዓት የውበት ትምህርት ትጠይቅ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ሹሩባን እምብዛም አይነካውም። በ2012 የፌዴራል ፍርድ ቤት አስቆመው። ይባስ ብሎ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ባወጡበት ክፍለ ግዛት ብቻ ነው። ሥራ ወዳለበት አካባቢ የሄደ ሰው እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ ስለዚህ ብዙው አይሄድም።

## የአገሮች የደረጃ ሰንጠረዥ ምን ያህል ያሳያል?

ለብዙ ዓመታት መንግሥታት የሚፎካከሩበት የዓለም ባንክ የንግድ ምቹነት ሰንጠረዥ ነበር። ለወረቀቱ ቁልፍ ብዙ ለውጥ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ለአብዛኞቹ አገሮች ይለካ የነበረው በትልቁ የንግድ ከተማ ያለውን ሁኔታ ነው። አገሪቱ ደረጃዋን አሻሻለች ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ከዚያ ከተማ ርቆ ያለው ጽሕፈት ቤት እንደነበረው ሊሆን ይችላል። በ2021 ደግሞ የ2018ና የ2020 ሪፖርቶች መረጃ መነካካቱ ስለታወቀ ባንኩ ሰንጠረዡን ጨርሶ ዘጋው።

በምትኩ በ2024 ቢ-ሬዲ የተባለ አዲስ ሪፖርት በ50 አገሮች ጀምሯል። ይኸኛው ደንቡ ምን ይላል ከሚለው ጎን፣ የሚሠሩትን ድርጅቶች ራሳቸውን «በተግባር ስንት ቀን ፈጀባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቁት ግን ተመዝግበው የሚሠሩት ናቸው። በአሥረኛው ቀን ትቶት የሄደው ሰው እዚህም ዝርዝር ውስጥ የለም።